እየለቀቀ የሚይዝ ፍሬን

የጊሎ ወንዝ የሚነሳው ሚዛን ተፈሪ አጠገብ ካሉት ተራሮች ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቴፒ ወደ 1,100 ሜትር ትወርዳለች፤ ጋምቤላ ከ500 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ከተራሮቹ ቡና ሥር የሚንፎለፎለው ጅረት ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ቆላ ሲገባ ይሰፋል፣ ይደፈርሳል፣ እርምጃውም ይከብዳል። ጊሎ ከፒቦር ይገናኛል፤ ፒቦርና ባሮ ተጋጥመው ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባት ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ድሮ ቡናውም በዚሁ አቅጣጫ ይወርድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላ፣ የምዕራቡ አገር ቡና ባሮ ዳር ይደርስና ወንዙ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር።

መርከቦቹ ዛሬ የሉም፤ ከሥራቸው ይመላለስ የነበረው ዓሣ ግን አለ። ናይል ፐርች ይባላል። እስከ 2 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በዘንግና በክር ተይዘው በዓለም አቀፍ መዝገብ ከሰፈሩት ትልቁ 104 ኪሎ ይመዝናል፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2000 ከግብጹ ናስር ሐይቅ ነው። የቆላው አስጋሪዎች፣ አኙዋኩም ኑዌሩም፣ ዓሣን በመረብ፣ በጦርና በመንጠቆ ማውጣት ከጥንት ያውቁበታል። መረብ ያለው ሰው ይህን ምዕራፍ ቢዘለው አይጎዳም። ጥያቄው የሚመጣው ዘንግ ለያዘው ነው፤ 12 ኪሎ ሲጎትተው በሚበጠስ ክር 40 ኪሎ የሚመዝን፣ ያውም የሚፈረጥጥ ዓሣ እንዴት ይወጣል?

ክሩ ዓሣውን ተሸክሞ አያወጣውም፤ አድክሞ ነው የሚያወጣው። ዓሣው ሲሮጥ ክር ይለቀቅለታል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ግን ከጉልበቱ ይከፍላል። ሒሳቡን የሚሰበስቡት ክር በሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ማለትም በሪሉ ሆድ ውስጥ የተነባበሩ፣ ከባለ አንድ ብሩ ሳንቲም እምብዛም የማይሰፉ ክብ ሮንዴላዎች ናቸው። የእነሱ ድርድር ድራግ ይባላል።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ድራግ የሚባል ነገር ሪል ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። እጀታው ክሩ ከሚጠመጠምበት ከማጠንጠኛው ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ስለነበር ዓሣው ሲሮጥ እጀታውም ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ እጁን ቶሎ ያላነሳ ሰው ጣቱ ይቀጠቀጣል። ፍሬን የሚባለው አጥማጁ በአውራ ጣቱ ማጠንጠኛው ላይ የሚጫናት ቁራጭ ቆዳ ነበረች። በካሊፎርኒያዋ ካታሊና ደሴት ያጠምድ የነበረው ዊልያም ቦሽን ፍሬኑን ከጣት ወደ ሪሉ ሆድ የማስገባት ሐሳብ አመጣ፤ የብሩክሊኑ ሪል ሠሪ ጁሊየስ ቮም ሆፍ ሠራለት። ቦሽን እ.ኤ.አ. በ1913 ከ160 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አፉ እንደ ሰይፍ የረዘመ የባሕር ዓሣ አወጣ፤ በዘንግና በሪል የዚህ ዓይነት ዓሣ ሲያዝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብረቱም ቅባቱም ተለዋውጧል፤ አሠራሩ ያው ነው።

አሠራሩን ለማየት ሪል ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ሚዛንም ሆነ ቴፒ ሞተር ሳይክል ከሚጠገንበት በር ላይ ቆም ብሎ የቦክሰር ወይም የቲቪኤስ ፍሪሲዮን ሲፈታ ማየት ይበቃል። መካኒኩ ክዳኑን አንስቶ ሞላዎቹን ካወጣ በኋላ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበሩ ዲስኮች ይመጣሉ፤ ሸራ የለበሰ፣ ቀጥሎ ልሙጥ ብረት፣ እንደገና ሸራ፣ እንደገና ብረት። ሸራ የለበሱት በውጭ ጠርዛቸው ጆሮ አላቸው፤ ጆሯቸው ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ልሙጦቹ ብረቶች ደግሞ በውስጥ ጠርዛቸው ጥርስ አላቸው፤ ኃይሉን ወደ ማርሽ የሚወስደውን እምብርት ይነክሳሉ። ሞላው ሲጫናቸው ሁለቱ ወገኖች ተያይዘው ይዞራሉ፤ ጫናው ሲላላ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ቡና ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሞተረኛ ሸራው ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ያውቀዋል።

የሪሉ ድራግ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የሚለየው ሸራው የማንም ወገን አለመሆኑ ነው፤ ጆሮም ጥርስም የለው፣ በሁለት ብረቶች መሐል ዝም ብሎ ይተኛል። ዋናው ማርሽ መሐሉ ጎድጉዶ የተሠራ ነው። በጉድጓዱ ወለል ላይ መጀመሪያ ሸራ ይገባል፤ በላዩ የመሐል ቀዳዳው ጎንና ጎን ቀጥ ብሎ የተሞረደ ብረት ይመጣል፤ ይህ ወደ ኋላ የማይዞረውን የመሐል ምሶሶ ይይዛል። ቀጥሎ ሸራ፤ ከዚያ ማርሹን የሚይዝ ባለ ጆሮ ብረት፤ ከዚያ ሸራ፤ ከዚያ እንደገና ምሶሶውን የሚይዝ ብረት። ዓሣው ክሩን ሲጎትት ማጠንጠኛው ማርሹን ያዞረዋል፤ ማርሹና ባለ ጆሮዎቹ ሲዞሩ የምሶሶው ወገን ቆሞ ይቀራል፤ በመሐል ያለው ሸራ ይታሻል። ከውጭ ያለችው ኮከብ የመሰለች ዳዶ በጠበቀች ቁጥር ጫናው ይጨምራል።

አሁን ትንሽ ስሌት ብንሠራ ነገሩ ይጠራል። ድርድሩ በዚሁ ተራ ቀጥሎ አምስት ሸራ አለን፤ ዳዶው በ40 ኪሎ ልክ ይጫናቸዋል እንበል። የሰበቃ ምጣኔው 0.2 ይሁን፤ ይህ ማለት አንዱ ገጽ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የጫናውን አንድ አምስተኛ ይቃወማል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሸራ 8 ኪሎ፣ አምስቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ይይዛሉ። ይህ የሚሆነው ከምሶሶው እምብርት በአማካይ 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ማርሹ አንዴ ሲዞር ማጠንጠኛው አራት ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ወደ ማጠንጠኛው የሚደርሰው የመጠምዘዝ ጉልበት ሩቡ ብቻ ነው። ክሩ ሞልቶ ከመሐል 25 ሚሊ ሜትር ላይ ሲጠመጠም ዓሣው የሚጎትተው ፍሬን 4 ኪሎ ይሆናል።

ዓሣው ርቆ ሄዶ ጥምጥሙ ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር ሲሳሳስ? ዳዶውን ማንም አልነካውም፤ ፍሬኑ ግን 8 ኪሎ ገብቷል። የመጠምዘዙ ጉልበት እንዳለ ሆኖ ክንዱ ስላጠረ ነው። ውሃ ውስጥ የሚጎተተው ረጅም ክርም የራሱን ይጨምርበታል። ክር እያለቀበት የደነገጠ አጥማጅ እጁ የሚሄደው ዳዶውን ወደ ማጥበቅ ነው፤ ስሌቱ የሚለው ግን አላላው ነው።

በስሌቱ ውስጥ አራት ነገር ገብቷል፤ ጫናው፣ የሸራው ብዛት፣ ከመሐል ያለው ርቀትና ሸራው የተሠራበት ነገር። የሸራው ስፋት አልገባም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1699 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እንዳቀረበው፣ ሰበቃ ከጫናው ጋር ያድጋል እንጂ ከሚነካካው ገጽ ስፋት ጋር አያድግም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞት ይህንኑ በማስታወሻ ደብተሩ አስፍሮት ነበር፤ አላሳተመውም እንጂ። ሕጉ እንደ ቆዳና ሱፍ ባሉ ለስላሳ ነገሮች ላይ ትንሽ ይዛነፋል፤ ለሥራችን ግን ይበቃል። ሰፊ ሸራ የሚጠቅመው ሙቀቱን ለማሰራጨትና ቶሎ ላለማለቅ ነው።

ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ዓሣው በ4 ኪሎ ፍሬን 100 ሜትር ክር ሲወስድ 4,000 ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ 50 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ስኒ ገደማ፣ ውሃን በ19 ዲግሪ ያሞቃል፤ ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ነገር ግን በጠቅላላው 40 ግራም በሚመዝኑ የብረት ሮንዴላዎች ላይ አርፎ መውጫ ቢያጣ ሙቀታቸውን በ200 ዲግሪ ይጨምረዋል። በተግባር ማርሹና የሪሉ ገላ ከፊሉን ስለሚወስዱለት ያን ያህል አይደርስም። ቢሆንም ቆዳ የሚደርቀው፣ ቅባት ቀልጦ ወደማይፈለግበት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ አንድ ነገር ለመድረስ ነው። ድራግ አጠንክርልኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ኪሎ ነው፤ ስንት ይይዛል? እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሲነሳና ሲሮጥ እኩል ይይዛል ወይ ብዬ ነው። የቆመን ነገር ማስነሳት የተነሳውን ከማንሸራተት ይከብዳል። ሲንሸራተት 4 ኪሎ የሚይዝ ድራግ ለመነሳት 7 ኪሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዓሣው ቆም ብሎ በተፈናጠረ ቁጥር ክሩ የ7 ኪሎ ምት ይቀምሳል። ከዚያም ይባስ ብሎ ሸራው ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፤ የዘንጉ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ መንጠቆውም የዓሣውን አፍ እያሰፋ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ድራግ በጫና ማጠንከር ጉድለቱን ማባዛት ነው።

የሸራው ምርጫ የሚወሰነውም በዚህ ነው። ቆዳ የመጀመሪያው ሸራ ነበር፤ ዛሬም በዘይት ከራሰ በልስላሴ የሚያሳፍር አይደለም። የበግ ቆዳችን ለጓንት ዝነኛ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይለጠጣል፤ የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ፣ ለጫማ ሶል የሚሆነው የከብት ቆዳ ነው። ችግሩ ሲደርቅ መጠንከሩ፣ ተጭኖ ሲያድር መሳሳቱ ነው። ተጠቅጥቆ የተሠራ ሱፍም እንዲሁ፤ ዘይት ይጠጣል፣ ሲነሳ ይለሰልሳል፣ ግን ይጨመቃል። ሮይ ፕለንኬት እ.ኤ.አ. በ1938 በዱፖንት ላቦራቶሪ ያገኘው ቴፍሎን ሲነሳም ሲሮጥም የሚያሳየው ሰበቃ ተቀራራቢ ነው፤ ለዚህ ግሩም። ምጣኔው ግን ከ0.1 የማያልፍ በመሆኑ እጥፍ ጫና ይጠይቃል፤ በብዙ ጫና ሥር ሲውል ደግሞ ቀስ እያለ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣል። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ሪሎች የሚገባላቸው በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ጨርቅ ነው። አይጨመቅም፣ ሙቀት አይበግረውም፣ ደረቁንም ተቀብቶም ይሠራል። ሚዛን ተፈሪ ከተማ ላይገኝ ይችላል፤ ክብ ሆኖ የተቆረጠው ከውጭ ሊመጣ ይችላል፣ እንደ ወረቀት ቀላል ስለሆነ ጓዝ አይሆንም።

የሞተሩ ፍሪሲዮን ሸራ ቢቆረጥስ? ዲስኩ ላይ በቁርጥራጭ የተለጠፈ ስለሆነ ሙሉ ክብ አይወጣውም። የድሮ መኪና የፍሬን ሸራ ሞርዶ ለማሳሳት የሚያስብ ካለ ግን ይተወው። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያስከትላል። ለአንድ ዓሣ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ወደ ቶርኖ ቤቱ እንሂድ። ሥራው የሚጀመረው አሮጌውን ድርድር አውጥቶ ጠቅላላ ውፍረቱን በካሊፐር በመለካት ነው፤ አዲሱም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለበት። ሦስት ሸራ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ብረት 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 7.5 ነው። አምስት ሸራ በ0.6፣ አምስት ብረት በ0.9 ቢሠሩም ድምሩ ያው 7.5 ነው። ሦስቱ የሚይዙትን አምስቱ በ60 በመቶው ጫና ይይዙታል፤ የዳዶው ጥርስም እፎይ ይላል። አራት ማድረግ ግን አይቻልም። ድርድሩ ከማርሹ ወለል ተነስቶ በምሶሶው ብረት ማለቅ ስላለበት የሸራው ቁጥር ጎዶሎ መሆን ይኖርበታል። አራት ቢሆን የላይኛው ብረት ባለ ጆሮ ይሆንና፣ ከዳዶው ሥር ሆኖ ከምሶሶው ጋር የቆመው ሞላ በቀጥታ ይፋጨዋል፤ ብረት በብረት፣ ያለ ልክ።

ብረቱ ሲሳሳ ጆሮው ይደክማል። ከላይ ባሰላነው ድራግ እያንዳንዱ ባለ ጆሮ ብረት የሁለት ሸራ ጉልበት፣ 16 ኪሎ፣ ይሸከማል። ናስ ቢሆን ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከማይዝግ ብረት ላሜራ ይቆረጣል። ጆሮውና ማርሹ፣ ቀዳዳውና ምሶሶው መላወሻ ሳይበዛባቸው መገጣጠም አለባቸው፤ ክፍተት ካለ ዓሣው በተፈናጠረ ቁጥር እንደ መዶሻ ይማታሉ፣ ማዕዘኑም ይደፈጠጣል። የቀዳዳው ውስጣዊ ማዕዘን ስለታም ሆኖ አይቀር፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ጫፉን በቀጭን ሞረድ ትንሽ ክብ ማድረግ ይበቃል።

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ማስተካከሉ ነው። ተመትቶ የተቆረጠ ሮንዴላ ባንድ ወገን ጠርዙ ላይ ሹል ይቀርበታል፤ ገጹም ሲያዩት ሜዳ ይምሰል እንጂ ጎበጥ ያለ ነው። የጎበጠ ብረት ሸራውን በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚጫን በየዙሩ ይይዛል፣ ይለቃል። የመስኮት መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ያነጥፋሉ፤ የሮንዴላውን ገጽ በእርሳስ ያጠቁራሉ፤ ሳይጫኑ እያዟዟሩ ያሹታል። ጥቁሩ ከሁሉም ቦታ እኩል ሲለቅ ገጹ ሜዳ ሆኗል። ሁለቱም ወገን፣ እያንዳንዱ ሮንዴላ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ውድ ሸራ ከመግዛት ይልቅ ድራግን የሚያለሰልሰው ይህ ሥራ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሸራው በላይ፣ ከዳዶው በታች፣ ሁለት ጎበጥ ያሉ ሮንዴላዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፈረንሳዊው ጁልየን ቤልቪል እ.ኤ.አ. በ1867 የባለቤትነት መብት ያገኘባቸው ሞላዎች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ዳዶው ሩብ ዙር ሲዞር ጫናው ከምንም ወደ ሙሉ ይዘል ነበር። አዲሱ ድርድር ከአሮጌው ከወፈረ እነዚህ ሞላዎች ገና ከመጀመሪያው ተጨፍልቀው ይቀራሉ፤ ውፍረቱ ላይ ያን ያህል የተጨነቅነው ለዚህ ነው። ቅባቱ ቴፍሎን ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ የጎሚስታ ቤት ግራሶ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲከርም እንደ ሙጫ ይሆናል። በጣት ተቀብቶ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው ይበቃል።

ሪልን በራስ እጅ የማጠንከሩ ሥራ የተስፋፋበት ምክንያት አለው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፖሊኤትሊን ጭረት የሚጎነጎን ክር ገበያ ሲወጣ፣ ድሮ ትልቅ ሪል የሚጠይቅ ጥንካሬ በቀጭን ክር ትንሽ ሪል ላይ መግባት ቻለ። ክሩ በረታ፣ ድራጉ እዚያው ቀረ። ድራጉ ሲበረታ ደግሞ ተራው የሌላው ይሆናል። ምሶሶው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚከለክለው ትንሹ መቆለፊያ ጥርስ፣ ከዚያ የዋናው ማርሽ የናስ ጥርሶች፣ ከዚያ የሪሉ ገላ። ሸራ ለውጦ እነዚህን ሳያዩ መዝጋት ስብራቱን ከሚታይ ቦታ ወደማይታይ ማዛወር ነው፤ መቆለፊያው ከተሰበረ እጀታው ከቦሽን በፊት እንደነበረው ወደ ኋላ ይሽከረከራል።

ልኩ የሚወሰነው በክሩ ነው። አጥማጆች ድራጉን ክሩ ከሚበጠስበት ጉልበት ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ ያቆሙታል። ለ12 ኪሎው ክር ይህ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው። ጥምጥሙ ወደ ግማሹ ሲሳሳ 4 ኪሎው 8 ይሆናል ብለናል፤ የቀረው 4 ኪሎ ለዓሣው መወራጨት፣ ለቋጠሮውና በዘንጉ ቀለበቶች ለሚታሸው ክር የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

መለኪያው ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ነው፤ ቀይ ቡና በጆንያ የሚመዘንበት ዓይነት ለ4 ኪሎ ስለማይታመን ትንሹን መፈለግ ነው። ክሩ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ካለፈ በኋላ ጫፉ ሚዛኑ ላይ ይታሰራል፤ አንድ ሰው ዘንጉን እንደሚያጠምድ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ሚዛኑን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለት ቁጥር ይነበባል፤ ክሩ ሊለቅ ሲል ያለውና እየለቀቀ ሳለ ያለው። 4.5 እና 4 ከሆነ ሪሉ ይዘጋል። 6 እና 4 ከሆነ ተፈትቶ ብረቶቹ እንደገና መስታወቱ ላይ ይወጣሉ። ሸራው ቆዳ ወይም ሱፍ ከሆነ፣ ማታ ከወንዝ ሲመለሱ ዳዶው ይላላና በሚቀጥለው ጊዜ ከመወርወሩ በፊት በሚዛኑ እንደገና ይለካል።